የሜሪላንዱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አንቶኒ ብራውን ማን ናቸው? ለእኛስ ምን ይሠራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ተቀምጦ «አተርኒ ጄኔራል» (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ማለቱ ነው። ወይ በየዜናው የሚታየውን የፌዴራሉን፣ ወይ ሮክቪል ፍርድ ቤት የወንድሙን ልጅ የከሰሰውን የካውንቲ ዐቃቤ ሕግ። ባልቲሞር ቢሮ ያላቸው የስቴቱ ሰው ለማንም ትዝ አይሉትም። እኔም አላውቃቸውም ነበር። ያወቅኳቸው አከራዬ ዲፖዚቴን ውጦ ዝም ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ «አንተ ታውቀዋለህ» እየተባልኩ የምጠየቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።

ሰውየው ማን ናቸው?

አንቶኒ ብራውን ይባላሉ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁርም ናቸው። የተወለዱት በ1961 ኒው ዮርክ፣ ሀንቲንግተን ውስጥ ነው። አባታቸው ኩባ ተወልደው ጃማይካ ያደጉ ሐኪም ነበሩ፤ እናታቸው ስዊዘርላንዳዊት ናቸው። ወላጆቻቸው የተገናኙት አባትየው ስዊዘርላንድ ሕክምና ሲማሩ ነው። እንግዲህ ከሁለት ስደተኛ የተወለዱ ናቸው።

ሃርቫርድ ኮሌጅን በ1984 ጨርሰው ወደ ጦር ሠራዊቱ ገቡ። ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆነው አገለገሉ። ከዚያ ተመልሰው በ1992 ሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ጨረሱ፤ በተጠባባቂው ጦር ደግሞ የሕግ መኮንን ሆነው ቀጠሉ። በ2004 የስቴቱ ምክር ቤት አባል ሆነው ሳለ ኢራቅ ዘምተዋል። በ2014 በኮሎኔልነት ጡረታ ወጡ።

ፖለቲካውስ? ሁሌ አሸናፊ ነበሩ?

አልነበሩም። ከ1999 ጀምሮ ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተመርጠው አናፖሊስ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ገቡ። ከ2007 እስከ 2015 የማርቲን ኦማሊ ምክትል አገረ ገዢ ሆኑ። በ2014 ራሳቸው ለአገረ ገዢነት ሲወዳደሩ ሁሉም ያሸንፋሉ ብሎ ነበር። በሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን ተሸነፉ።

ለዚያ ሽንፈት ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል። እኔ ግን አንዱን አልረሳውም፦ የጤና ኢንሹራንስ መመዝገቢያው ድረ ገጽ። በኦባማ ኬር ጊዜ ሜሪላንድ የራሷን ድረ ገጽ ስታዘጋጅ ሥራውን በበላይነት የመሩት ብራውን ነበሩ። ኦክቶበር 2013 በተከፈተበት ዕለት ተበላሸ። ኢንሹራንስ ልንመዘገብ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን ያመሸን ሰዎች እናውቀዋለን። በመጨረሻ ስቴቱ ያንን ጥሎ ኮነቲከት የሠራችውን ቴክኖሎጂ ወሰደ።

በ2016 ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠው እስከ 2023 መጀመሪያ እዚያ ቆዩ። ከኮንግረስ ወጥቶ ለስቴት ሥራ መወዳደር ለአንዳንዱ ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል። አይደለም። ከ435 አባላት አንዱ ከመሆን ይልቅ በራስ ፊርማ ክስ መመሥረት ትልቅ ሥልጣን ነው።

አገር ቤት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይሾማል። እዚህስ?

እዚህ ይመረጣል። በየ4 ዓመቱ፣ ከአገረ ገዢው ጋር በአንድ ቀን። በአገራችን የፌዴራሉን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር የሚያቀርቡት፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆኗል። የሜሪላንዱ ግን ከአገረ ገዢው ጋር ባይስማማ እንኳ አገረ ገዢው ሊያባርረው አይችልም። ለሥልጣን ዘመኑም ገደብ የለውም። ጆሴፍ ከራን የሚባሉ ሰው 20 ዓመት ተቀምጠውበታል።

አንድ ጥብቅ መስፈርት አለ። ዕጩው ሜሪላንድ ውስጥ ቢያንስ 10 ዓመት የኖረና 10 ዓመት በጥብቅና የሠራ መሆን አለበት። ቀልድ አይደለም፦ በ2006 ከሞንትጎመሪ የተነሱት ቶም ፔሬዝ ይህን አላሟሉም ተብለው ቅድመ ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በፍርድ ቤት ከዕጩነት ተሰርዘዋል። ኋላ ሰውየው የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆኑ።

የ2022ቱ ፉክክር ደግሞ የቤተ ዘመድ ነገር ነበር። ብራውን በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ያሸነፏቸው ኬቲ ኦማሊን ነው። እሳቸው ዳኛ የነበሩ፣ የብራውን የቀድሞ አለቃ ሚስት፣ ደግሞም የነዚያ የ20 ዓመቱ የጆሴፍ ከራን ልጅ ናቸው። ሜሪላንድ ትንሽ አገር ናት።

መኪናዬ ተሰረቀ። ለእሳቸው ልጻፍ?

አይጻፉ። ይህ በጣም የሚምታታው ነገር ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ 23 ካውንቲዎች አሉ፤ ባልቲሞር ከተማ ሲጨመር 24። እያንዳንዱ የራሱን ዐቃቤ ሕግ ይመርጣል። ሌብነት፣ ድብደባ፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ግድያ ሳይቀር እዚያው ካውንቲው ውስጥ ነው የሚከሰሰው። ብራውን የእነሱ አለቃ አይደሉም። «እሱን ክስ ተው በሉልኝ» ብሎ መጻፍም ዋጋ የለውም።

የብራውን ቢሮ ራሱ የሚከሳቸው የወንጀል ዓይነቶች ተለይተው የተቀመጡ ናቸው። ከአንድ ካውንቲ በላይ የተዘረጉ የተደራጁ ቡድኖች፣ ሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የሚያጭበረብሩ፣ በአረጋውያን ማቆያ ሰው የሚበድሉ፣ አካባቢን የሚበክሉ። ከዚህ ሌላ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጠበቃ ነው። የባልቲሞሩ ኪይ ድልድይ ማርች 26 ቀን 2024 በመርከብ ተገጭቶ ሲወድቅ፣ በመርከቡ ባለቤትና አስተዳዳሪ ላይ በስቴቱ ስም ክስ የመሠረተው ይኸው ቢሮ ነው። ያን ሌሊት ድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞተዋል። ሁሉም ስደተኞች ነበሩ።

ታዲያ «የሕዝብ ደኅንነት ቀዳሚ ሥራዬ ነው» የሚሉት ምኑን ነው?

ሌባን አሳድዶ መያዝ እንዳልሆነ አይተናል። እኔ እንደተረዳሁት የብራውን ሥራ ከወንጀሉ በላይ ወዳለው ሰው መውጣት ነው። ሽጉጡን የተኮሰው ልጅ ለካውንቲው ይተዋል፤ ሽጉጡን የሠራውና የሸጠው ግን ወደ እሳቸው ይመጣል።

ግሎክን እንውሰድ። ፌብሩዋሪ 2025 ሜሪላንድና ባልቲሞር ከተማ የግሎክን ኩባንያ አብረው ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ነገር የአምስት ሳንቲም ያህል በምታክል ዕቃ ላይ ነው። «ስዊች» ይሏታል። ከሽጉጡ ኋላ ስትገጠም ተራው ሽጉጥ መትረየስ ይሆናል፤ ቃታው አንዴ ከተሳበ ጥይቱ እስኪያልቅ ይተፋል። ሜሪላንድ የምትለው፣ ኩባንያው ሽጉጡ በቀላሉ እንደሚቀየር እያወቀ ንድፉን አላስተካከለም ነው። ይህን ክስ ያስቻለው በ2024 የወጣው የመሣሪያ ኢንዱስትሪውን ተጠያቂ የሚያደርግ የስቴት ሕግ ነው። የፌዴራሉ የ2005 ሕግ ለመሣሪያ ፋብሪካዎች ሰፊ ከለላ ስለሚሰጥ፣ እንዲህ ያለ የስቴት ሕግ ከሌለ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው የሚመለሱት።

ሌላው ቅርባችን ነው። በ2024 ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያሉ 3 መሣሪያ መሸጫዎችን ከሰሱ። ክሱ እንደሚለው አንድ ሰው በወራት ውስጥ 34 ሽጉጥ ገዝቶ ለሌሎች ሲያከፋፍል ሻጮቹ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚያ በኩል ነው። ዜናውን ሳነብ ፍሬን ያዝኩ ማለት ይቀለኛል።

መለያ ቁጥር የሌላቸው፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ «ጎስት ገን» የሚባሉት መሣሪያዎችም ከማርች 2023 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ መያዝ ክልክል ነው።

ፖሊስ ሰው ከገደለ የሚመረምረው ማነው?

ይህን ሰፋ አድርጌ ልመልሰው፤ እዚህ ቢሮ ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚህ ነው።

ድሮ ፖሊስ ሰው ሲገድል የሚመረምረው ያው ፖሊስ ነበር። መክሰስ አለመክሰሱን የሚወስነው ደግሞ በየቀኑ ከዚያ ፖሊስ ጋር የሚሠራው የካውንቲ ዐቃቤ ሕግ። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ምርመራው ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ገለልተኛ የምርመራ ክፍል ዞረ። ያኔ ብራውን ገና አልተመረጡም፤ ቦታው ላይ የነበሩት ብራያን ፍሮሽ ናቸው። ግን አንድ ነገር ይጎድል ነበር፦ ቢሮው መርምሮ ፋይሉን ለካውንቲው ይመልሳል እንጂ መክሰስ አይችልም። ብራውን በመጡ በመጀመሪያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለ። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ክሱንም የሚወስነው ይኸው ቢሮ ነው።

ሰው ሲሞት፣ ወይም ሊሞት የሚችል ጉዳት ሲደርስበት የቢሮው መርማሪዎች ቦታው ላይ ይደርሳሉ። ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት የካሜራ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሕዝብ ይለቀቃል። ቤተሰቡ ቀድሞ እንዲያየው ይደረጋል። ክስ የለም ከተባለ ምክንያቱ በዝርዝር ተጽፎ ይወጣል። አብዛኛው ፋይል ያለ ክስ ነው የሚዘጋው፤ ይህን የሚያማርር ብዙ ነው። ቢያንስ ግን ተጽፏል፤ ማንም ማንበብ ይችላል።

የአስከሬን ምርመራው ውዝግብ የሚባለውስ?

መነሻው ሚኒሶታ ነው። በ2021 ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ ሲዳኝ፣ የሜሪላንድ ዋና አስከሬን መርማሪ የነበሩ ሐኪም ለተከሳሹ መሰከሩ። የፍሎይድ የልብ ሕመም፣ የወሰደው ዕፅ፣ የመኪናው ጭስ ሳይቀር ለሞቱ አስተዋጽኦ ሊኖራቸው ይችላል አሉ። ከ400 በላይ ሐኪሞች ተቃውመው ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ እኚህ ሰው እዚያ እንዲህ ካሉ፣ እዚህ ለዓመታት ስንቱን ፈርመው ይሆን?

ፍሮሽ የጀመሩትን ምርመራ ብራውን ጨርሰው ሜይ 2025 ይፋ አደረጉት። ከ2003 እስከ 2019 ድረስ በፖሊስ ታስረው ወይም ተይዘው ሳለ የሞቱ የ87 ሰዎች ፋይል ተከፈተ። እያንዳንዱን 3 የውጭ ባለሙያዎች ለየብቻ አዩት። በ36ቱ ሦስቱም ተስማሙ፦ ሞቱ «በሰው እጅ» ተብሎ መመዝገብ ነበረበት። በ5ቱ ደግሞ ሁለቱ እንዲያ አሉ። ፋይሎቹ ላይ ግን «በአደጋ»፣ «በተፈጥሮ» ወይም «ያልታወቀ» ተብሎ ነበር የተጻፈው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአስከሬን ምርመራ ቋንቋ «በሰው እጅ» ማለት ሌላ ሰው ያደረገው ነገር ለሞቱ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ወንጀል ተሠራ ማለት አይደለም። ቢሆንም ልጇ «በልብ ሕመም ሞተ» ተብላ ለዓመታት የኖረች እናት፣ ወረቀቱ ተሳስቶ ነበር ስትባል ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም።

በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ለምን አዘውትረው ይናገራሉ?

ቤታቸው የደረሰ ነገር ስለሆነ። በ2008 የአጎት ልጃቸው የቀድሞ ወዳጇ ገደላት። በቀጣዩ ዓመት፣ ምክትል አገረ ገዢ ሳሉ፣ ከኦማሊ ጋር ሆነው ሕግ አስወጡ፦ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን የጥበቃ ትእዛዝ ሲሰጥ ተከሳሹ መሣሪያውን ማስረከብ ግዴታው ሆነ።

የጥበቃ ትእዛዝ ለማውጣት ወደ እሳቸው ቢሮ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት ሲዘጋ፣ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን፣ የፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር ዘንድ ይኬዳል። ይህን ለእኅቶቻችን ንገሩልኝ።

ኢሚግሬሽን ላይ ሥልጣን አላቸው?

የላቸውም። ቪዛ አይሰጡም፣ አያስወጡም። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ነው። ሊያደርጉ የሚችሉት የፌዴራሉን መንግሥት ፍርድ ቤት ማቆም ነው። በ2017 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ ለዚህ የአገረ ገዢውን ፈቃድ እንዳይጠብቁ አድርጓቸዋል። ጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እዚህ በሚወለዱ ልጆች ዜግነት ላይ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ በማግስቱ ከከሰሱት ስቴቶች አንዷ ሜሪላንድ ነበረች። በሙከራ ጊዜ ላይ የነበሩ የፌዴራል ሠራተኞች በጅምላ ሲባረሩም ክሱን የመራችው ሜሪላንድ ናት። ይህ ለኛም ሩቅ አይደለም፤ ከኛ መሀል በዲሲ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራ ስንት አለ።

አከራዬ ዲፖዚቴን ከለከለኝ። እውነት ይረዱኛል?

እኔን ረድተውኛል። ቤቱን አጽድቼ፣ ግድግዳውን ቀብቼ፣ ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ። ሁለት ወር ጠበቅኩ። ደውዬ ስጠይቅ «ምንጣፉ ተበላሽቷል» ተባልኩ። ምንጣፉ ስገባም እንደዚያው ነበር።

የሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ይላል። አከራይ ዲፖዚቱን በ45 ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ከቀነሰም ምን እንደተበላሸና ስንት እንደወጣ በዝርዝር ጽፎ መላክ አለበት። ያለ ምክንያት ከያዘ፣ ተከራዩ ከስሶ የተያዘበትን እስከ 3 እጥፍ ሊያስፈርድ ይችላል። ከኦክቶበር 2024 በኋላ በተፈረመ ውል ደግሞ ዲፖዚቱ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።

የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ በድረ ገጹ ይቀበላል፤ ክፍያ የለውም። ውሌን፣ ስገባና ስወጣ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች፣ የቴክስት መልእክቶቹን አያያዝኩ። እነሱ ለአከራዩ ደብዳቤ ጻፉ። ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ ገንዘቡ፣ ጥቂት ተቀንሶ፣ በፖስታ መጣ። ያ ደብዳቤ አናቱ ላይ የስቴቱ ማኅተም ባይኖርበት ኖሮ አከራዬ ቴክስቴን እንኳ አይመልስም ነበር።

ግን ይታወቅ፦ የእርስዎ ጠበቃ አይሆኑም። ያስማማሉ፣ ይሸመግላሉ። ሌላው ወገን እንቢ ካለ ምርጫው ፍርድ ቤት ነው፤ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጉዳይ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ሊታይ ይችላል። በአንጻሩ የአንድ ድርጅት ስም በብዙ አቤቱታ ላይ ከተደጋገመ፣ ቢሮው በሕዝብ ስም ራሱ ሊከስ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም መጻፍ ዋጋ አለው።

«ወረቀት እጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የበላብኝን ሰውስ?

እሱም ለዚሁ ክፍል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ፣ ከፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤትም ፈቃድ የሌለው ሰው ቅጽ መተርጎምና የነገሩትን መሙላት ይችላል። «አሳይለም ጠይቅ፣ ይህን ጻፍ፣ ያንን አትጻፍ» ብሎ መምከር ግን አይችልም። የኛ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «የአገሬ ልጅ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን» ይላል። የሚያጭበረብረውም ይህንኑ ነው የሚቆጥረው። ደረሰኝ ይቀበሉ። በዜል ከላኩ የላኩበትን ስክሪን ሾት ያስቀምጡ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በአማርኛ ይሆናል?

የሜሪላንድ ሕግ የስቴት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አገልግሎቱን እንዲያመቻቹ ያዝዛል። ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ይበሉና መስመሩ ላይ ይጠብቁ። ጎረቤቴ እትዬ እንዲያ አድርገው ነው የቤት ጠጋኙን የከሰሱት፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቡና ከመጠጣት በቀር የረዳኋቸው ነገር የለም። ቴክስቱ ወይም ውሉ በአማርኛ ከሆነ ግን ዋናውን ሳያጠፉ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም በሌላ ወረቀት አያይዘው ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።